ጦርነት ደጅ ሲደርስ ድርጅትዎ ሠራተኛውንና ሰፈሩን እንዴት ይደግፍ?

የደሴና የኮምቦልቻ፣ የመቀሌና የዓድዋ፣ የወልድያና የላሊበላ አሠሪዎች ባለፉት ዓመታት አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጋፍጠዋል። ተኩስ ሲቀርብ፣ ባንክ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ ሠራተኛው ምን ይሁን? ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በጎጃምና በጎንደር ያሉ ድርጅቶች ይህንኑ ይጠይቃሉ። አብዛኞቹ መልስ መፈለግ የሚጀምሩት መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማድረግ የሚቻለው ነገር በጣም ጥቂት ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከ20 እስከ ጥቂት መቶ ሠራተኛ ላላቸው ፋብሪካዎች፣ ሆቴሎች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና የንግድ ድርጅቶች ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሕግና የደኅንነት ክፍል አላቸው። የእርስዎ ድርጅት ግን ምናልባት አንድ የሰው ኃይል ኃላፊ፣ አንዲት ሒሳብ ሠራተኛና አንድ አንጋፋ ጥበቃ ብቻ ይኖሩት ይሆናል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በእነዚህ ሦስት ሰዎች ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። አንድ ድርጅት በጦርነት ጊዜ ከሚሰጠው ድጋፍ ሁሉ የሚበልጠው በሰዓቱ የተከፈለ ደመወዝ ነው። ለተፈናቃይ ብርድ ልብስ አድሎ ለራሱ ሠራተኛ የሁለት ወር ደመወዝ ያልከፈለ ድርጅት ረድቷል ለማለት ይከብደኛል። ቅደም ተከተሉ ሠራተኛው፣ ከዚያ ቤተሰቡ፣ ከዚያ ሰፈሩ ነው። ደረጃዎቹም በዚሁ መልክ ተደርድረዋል።

1. የሰው ዝርዝሩን በወረቀት ያውጡ

በፋይል ውስጥ ያለው የሠራተኛ አድራሻ ብዙ ጊዜ የተቀጠረበት ዕለት የተጻፈ ነው። ቤት ቀይሯል፣ አግብቷል፣ ሲም ካርዱ ጠፍቶ ሌላ አውጥቷል። ስለዚህ አዲስ ዝርዝር ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አሁን የሚኖርበትን ሰፈር፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ አብረውት የሚኖሩትን ሰዎች ብዛት፣ በቤቱ ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም በየዕለቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መኖሩን ይመዝግቡ። የስኳር፣ የደም ግፊትና የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መንገድ ሲዘጋ ከሁሉ ቀድሞ ይጎዳል። የበሽታውን ዓይነት ግን መጠየቅ አያስፈልግም። «የማይቋረጥ መድኃኒት የሚወስድ አለ ወይ?» ማለቱ በቂ ነው።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አይርሱ። «ከዚህ ለመውጣት ብትገደድ ወዴት ትሄዳለህ? እዚያስ ማን ዘንድ ትገኛለህ?» ይበሉ። አንዱ አክስቱ ዘንድ ደብረ ብርሃን፣ ሌላዋ ወንድሟ ጋ አዲስ አበባ ትላለች። የእነዚያን ዘመዶች ስልክ ይያዙ። ከተማው ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ሠራተኛዎን የሚያገኙት ከከተማው ውጭ ባለው በዚህ ሰው በኩል ነው።

ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ ያትሙት፤ አንዱ ከእርስዎ ጋር ይሁን፣ ሌላው ከከተማው ውጭ በሚኖር ታማኝ ሰው እጅ ይቀመጥ። ኮምፒውተር ብቻ ላይ ያለ ዝርዝር መብራት በሌለበት ቀን አይገኝም።

ትልቁ ስሕተት በዝርዝሩ ላይ የብሔር አምድ ማስገባት ነው። «ለጥበቃቸው ነው» ተብሎ ቢቀርብልዎም አያስገቡት። እንዲህ ያለ ወረቀት ከእጅዎ ወጥቶ ማን እጅ እንደሚገባ፣ ለምንስ እንደሚውል አያውቁም።

2. የሠራተኛውን ማስረጃ ከቢሮው ያውጡ

ድርጅት ሲዘረፍ ማሽን ብቻ አይወሰድም። የግል ማኅደር ይበተናል፣ ሰነድ ይቃጠላል። 15 ዓመት የሠራ ሰው በማግስቱ የአገልግሎት ዘመኑን የሚያስረዳበት ወረቀት አይኖረውም። ጡረታውም፣ የሥራ ስንብት ክፍያውም፣ ነገ የሚቀጠርበት ቦታም በዚያ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከእያንዳንዱ ማኅደር አራት ነገሮችን በስልክ ካሜራም ቢሆን ያንሡ፤ የቅጥር ውሉን፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩን፣ የዓመት ፈቃድ መዝገቡን። ፎቶዎቹን በፍላሽ ከከተማው ውጭ ያስቀምጡ። የጡረታ መዋጮውን፣ ማለትም የአሠሪውን 11 በመቶና የሠራተኛውን 7 በመቶ፣ የከፈሉባቸውን ደረሰኞችም ይጨምሩ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጽፈው ማኅተም አድርገው በእጁ ይስጡት። ሕጉ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ማስረጃ እንዲሰጠው ያዛል፤ እርስዎ ግን እስኪጠይቅ አይጠብቁ። አንዳንድ አሠሪዎች «ወረቀቱን ከሰጠሁት ጥሎኝ ይሄዳል» ብለው ይፈራሉ። ጦርነት ያፈናቀለው ሰው ወረቀት ኖረውም አልኖረውም ይሄዳል፤ ልዩነቱ በሄደበት ሥራ ማግኘት አለማግኘቱ ላይ ነው።

3. የደመወዝ መንገዱን በሦስት ያዘጋጁ

ይህኛው ደረጃ ከሁሉ ይበልጣል፤ ረዘም አድርጌ የማየውም ለዚህ ነው።

በትግራይ ከሰኔ 2013 ማብቂያ ጀምሮ የባንክ አገልግሎት ከአንድ ዓመት በላይ ተቋርጦ ነበር። ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ዳቦ መግዣ አጥቷል። የዚህ ትምህርት ግልጽ ነው፤ በአንድ መንገድ ብቻ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ያ መንገድ በተዘጋ ዕለት አይከፍልም።

የመጀመሪያው መንገድ የተለመደው የባንክ ዝውውር ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው ፍጥነት ብቻ ነው። ውጥረት ሲጨምር የወሩን መጨረሻ አይጠብቁ። ባንኩ ክፍት በሆነበት ሳምንት የወሩን ደመወዝ፣ አቅምዎ ከፈቀደም የቀጣዩን ወር ቅድሚያ፣ ያስገቡላቸው። ሠራተኛው ጤፍና ዘይት የሚገዛው ዋጋው ከመናሩ በፊት ከሆነ ያው ብር ብዙ ይገዛል።

ሁለተኛው የሞባይል ገንዘብ ነው። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ ዳታ ተቋርጦ ድምፅ ብቻ በቀረባቸው ቦታዎች ይጠቅማል። ኔትወርኩ ጨርሶ ከጠፋ ግን አይረዳም። ደግሞም በስልኩ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ወደ ጥሬ የሚለውጥ ወኪል በሰፈሩ መኖር አለበት። ሠራተኞችዎ ቀድመው መመዝገባቸውን፣ ስማቸውም ከመታወቂያቸው ጋር መግጠሙን በሰላሙ ጊዜ ያረጋግጡ። በጭንቅ ቀን የፊደል ስሕተት ማስተካከል አይቻልም።

ሦስተኛው ጥሬ ገንዘብ ነው። ድርጅት በእጁ ስለሚይዘው ገንዘብና በቀን ስለሚያወጣው መጠን ገደብ ሊኖር ስለሚችል የባንክዎን ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ቀድመው ያማክሩ። ገንዘቡን በአንድ ካዝና አያከማቹ፤ ለማንም ወሬውን አይንገሩ። ክፍያው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁሉም ተሰልፎ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ሰልፍ ለዘራፊ ጥሪ ነው። በየክፍሉ ከፋፍለው በተለያየ ሰዓት ያስፈርሙ።

አሁን ወደ ደመወዝ ውክልና እንምጣ። በሕጉ ደመወዝ የሚከፈለው ለሠራተኛው ራሱ ወይም እሱ ለወከለው ሰው ነው። አንድ ገጽ ቅጽ ያዘጋጁ። «እኔ መምጣት ባልችል ደመወዜን ለዚህ ሰው ይክፈሉልኝ» የሚል፣ የተወካዩ ሙሉ ስምና መታወቂያ ቁጥር ያለበት፣ ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት ይሁን። ወንዱ ሠራተኛ ተለይቶ ሲቀር ሚስቱ ከነልጆቿ ቢሮ ትመጣለች። ቅጹ ከሌለ ሒሳብ ሠራተኛዋ አዝና ትመልሳታለች፤ ቅጹ ካለ ትከፍላታለች። ይህን ያህል ቀላል ነው።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃስ? ከታች ወደ ላይ ይክፈሉ። ጽዳት፣ ጥበቃ፣ የቀን ሠራተኛና ረዳት መጀመሪያ፤ ክፍል ኃላፊዎች ቀጥሎ፤ ሥራ አስኪያጁ መጨረሻ። የከፊል ክፍያውን መጠንና የቀሪውን ቀን በጽሑፍ ይለጥፉ። ሠራተኛ ችግርን ይረዳል፤ የማይረዳው ሥራ አስኪያጁ ተከፍሎት እሱ ሲቀር ነው።

የቅድሚያ ብድር ከሰጡ አመላለሱን አያክብዱበት። ከደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ ይህ ነው፤ ጣሪያውን መንካት ግን ግዴታ አይደለም።

ስለ መዋጮም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ድርጅት የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በስብሰባ ላይ «የወር ደመወዛችንን ለመስጠት ተስማምተናል» ይባልና እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ በማግስቱ ከሁሉም ይቆረጣል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው። ጭብጨባ ፊርማ አይደለም። መስጠት የሚፈልግ በፈቃዱ፣ ለብቻው፣ የሚፈልገውን መጠን ጽፎ ይፈርም። ያልፈረመውን ማንም አይጠይቀው፤ ስሙም አይነሣ።

4. ሥራ ሲቆም ሕጉን ይከተሉ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሥራን ሲያስቆም መንገድ አበጅቷል። የድርጅቱ ሥራ በሙሉ ወይም በከፊል ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቋረጥ ከሆነ የሥራ ውሉን ማገድ ይቻላል። ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 ቀን ውስጥ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም ለአካባቢው አግባብ ላለው ባለሥልጣን በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎት። ባለሥልጣኑ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልመለሰ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። እገዳው ግን ከ90 ቀን አይበልጥም። ጊዜው ሲያበቃ ሠራተኛው በማግስቱ ባለው የሥራ ቀን ሪፖርት ያደርጋል፤ እርስዎም ወደ ሥራው ይመልሱታል።

ቢሮው ራሱ ተዘግቶ፣ ኃላፊው ራሱ ተፈናቅሎ ከሆነስ? ደብዳቤውን ቀን ጽፈው ያዘጋጁ፤ ያቀረቡበትን ሁኔታ በቃለ ጉባኤ ይያዙ፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ይፈርምበት። ግልባጩን ወደ ክልሉ ወይም ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት በተገኘው መንገድ ይላኩ። በኋላ ክርክር ቢነሣ ዳኛው የሚያየው ያደረጉትን ጥረት ነው።

እገዳ መብት ቢሆንም የመጀመሪያ ምርጫዎ አይሁን። ከእገዳ በፊት የዓመት ፈቃድ አለ፤ የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ እንኳ 16 የሥራ ቀናት አሉት። ጥሬ ዕቃ ተቋርጦ ሠራተኛው ግን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ከተገኘ ደመወዙ አይቋረጥም፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና። ጥገና፣ ቆጠራ፣ ጽዳት፣ ማሸግ የመሳሰለውን ሥራ አውጥተው ያሠሩት። በእገዳው ወቅትም ሕግ ባያስገድድዎ የደመወዙን ሩብ ወይም ግማሽ መክፈል ቢችሉ፣ ሰላም ሲመለስ ሙያተኛ ፍለጋ አይንከራተቱም።

ሁለት ሁኔታዎችን ለይተው ይያዙ። አንደኛው እስር ነው። በ2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ መምሰሉ እንዳሳሰበው ገልጾ ነበር። ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ የታሰረ ሠራተኛ፣ እስሩ በ10 ቀን ውስጥ ከተነገረዎት ወይም ማወቅ ከነበረብዎት፣ ውሉ ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። 30 ቀኑ ቢያልፍም ለማሰናበት አይቸኩሉ፤ ሕጉ ከፈቀደልዎ በላይ መታገሥን የሚከለክል የለም። ሁለተኛው ብሔራዊ ጥሪ ነው፤ ይህም የማገጃ ምክንያት ነው፤ ሰውየው ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል።

በዚህ ደረጃ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት የተፈናቀለን ሠራተኛ «ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ትቷል» ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ነው። መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ማን ያነበዋል?

5. የመውጣትና የመቆየት ውሳኔ

«ሁሉም በሥራ ገበታው ይገኝ» የሚል ትእዛዝ አያውጡ። «ሁሉም ይውጣ» የሚልም እንዲሁ። የታመመች እናት ያለችው ሰው መውጣት አይችልም፤ አራስ ያለችበት ቤት መቆየት አይችልም። የእርስዎ ድርሻ ያለዎትን እውነተኛ መረጃ መናገር፣ መጓጓዣ ማዘጋጀትና በየትኛውም ምርጫ ሥራው እንደማይወሰድበት በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው።

ሰርቪሱን ያሰናዱ፤ ታንከሩ ሁልጊዜ ሙሉ፣ ትርፍ ጎማው ደኅና፣ ሾፌሩም ቤተሰቡን መጀመሪያ እንዲያሳፍር የተፈቀደለት ይሁን። ልጆቹ ከኋላ የቀሩበት ሾፌር መሪ ጨብጦ አይረጋም። ድርጅቱ በመደበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ የሚደርስ ጉዳት በሥራ ላይ እንደደረሰ እንደሚቆጠር ያስታውሱ። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ሠራተኛ አያመላልሱ። መጀመሪያ የምሽቱን ፈረቃ ይሰርዙ፤ የሰዓት እላፊ ባይታወጅም።

ጥበቃዎችን በተለየ ያስቡ። ብዙ ድርጅት ኃላፊዎቹን አስወጥቶ ግቢውን ለሁለት ጥበቃዎች አስረክቦ ይሄዳል። በአሮጌ መሣሪያ ከሠራዊት ጋር እንዲፋለሙ የሚጠበቅባቸው ይመስል! በጽሑፍ ይንገሯቸው፤ «የታጠቀ ኃይል ከመጣ በሩን ክፈቱና ራሳችሁን አድኑ፤ ስለ ንብረቱ አትጠየቁም።» ይህ ወረቀት ሳይኖር ንብረት ሲጠፋ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ የሚቆመው ያው ጥበቃ ነው።

6. በግቢው ውስጥ ሰላም ይጠብቁ

ጦርነቱ አጥር ዘልሎ የሚገባው በምሳ ሰዓት ወሬ ነው። በአንድ የማሸጊያ ክፍል ውስጥ የሁለት ወገን ልጆች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የአንዱ ወንድም እዚህ፣ የሌላው አጎት እዚያ ሞቷል። ፎርማኖችንና ተቆጣጣሪዎችን ለብቻ ሰብስበው የማይፈቀደውን ቁርጥ አድርገው ይንገሯቸው። በብሔር መሳደብ፣ ማግለል፣ በማንነት ላይ የተመሠረተ የሥራ ምደባ፣ በሥራ ሰዓት የጦር ሜዳ ቪዲዮ ማሳየት አይፈቀድም። የመጀመሪያው ጥሰት ሲፈጸም ዝም ካሉ ሁለተኛውን ማቆም አይችሉም። በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት ማሰናበት ሕገወጥ መሆኑንም ለኃላፊዎችዎ ያስታውሱ።

ሳምንታዊ የ10 ደቂቃ ማሳወቂያ ይጀምሩ። ያለውን ዕቃ፣ የደመወዙን ቀን፣ የሰርቪሱን ሰዓት ይንገሩ። ስለ ጦር ግንባሩ ግን አይተንትኑ። ያ የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ በነገው ዕለትም ሊሳሳቱበት ይችላሉ።

ሐዘን ሲደርስ የቤተሰብ ሞት ፈቃድ በሕጉ 3 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ነው። በጦርነት ጊዜ ግን መርዶው ከወራት በኋላ ሊመጣ፣ ቀብርም ላይኖር ይችላል። ቀኖቹን መርዶው ከተሰማበት ዕለት ይቁጠሩለት፤ የድርጅቱ ተወካይም ለቅሶ ይድረስ፤ የሟቹ ወገን ማንም ይሁን ማን።

7. ለሰፈሩ ያለዎትን ይስጡ

ለማኅበረሰቡ ድጋፍ ሲባል ገንዘብ ብቻ ይታሰባል። ድርጅት ግን በሰፈሩ ማንም የሌለው ነገር አለው፤ ጉድጓድ ውሃ፣ ጄኔሬተር፣ ትልቅ ምጣድና ድስት ያለው የሠራተኞች ክበብ፣ ፒክአፕ፣ ባዶ መጋዘን። ከዚህ ይጀምሩ።

ውሃ ቀዳሚው ነው። መብራት ሲጠፋ የከተማው ፓምፕ ይቆማል። የጉድጓድ ውሃ ካለዎት ከአጥሩ ውጭ ቧንቧ ያውጡ፤ ሕዝቡን ወደ ግቢ አያስገቡ፤ የሴቶችና የወንዶች ወረፋ ለየብቻ ይሁን፤ የማከሚያ ክሎሪን ወይም ውሃ አጋር ከጤና ጣቢያው ጠይቀው ያስቀምጡ።

ቀጥሎ ወፍጮ። ላሊበላ በ2013 ክረምት በጦርነቱ ውስጥ ገብታ ለወራት ያለ መብራት ስትቆይ፣ እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ችግሩ እህል ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ያለውን እህል የሚፈጭ ወፍጮ አለመኖሩም ጭምር ነበር። ጄኔሬተርዎ በቀን ሁለት ሰዓት የሰፈሩን ወፍጮ ቢያንቀሳቅስ ከብዙ ኩንታል ዱቄት ዕርዳታ ይበልጣል። ናፍጣውን ይለኩ፤ ለወፍጮ፣ ለውሃ፣ ለጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ ስንት ሊትር እንደሚደርስ ከአሁኑ ይደልድሉ።

ዕርዳታ ሲያከፋፍሉ በዕድር በኩል ያድርጉት። የዕድሩ ዳኛና ጸሐፊ የትኛው ቤት ተፈናቃይ እንዳስጠጋ፣ የትኛዋ አሮጊት ብቻዋን እንደቀረች ያውቃሉ፤ የቀበሌው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይህን አይዝም። ዕድር የሌላቸውን፣ ማለትም ተከራዮችን፣ የቀን ሠራተኞችን፣ ከሌላ አካባቢ የመጡትን፣ ለይተው ይጠይቁ። እነሱ ናቸው የሚቀሩት።

ደም መለገስ ገንዘብ አይጠይቅም። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ደም ባንኩ ወደ ግቢዎ እንዲመጣ ይጠይቁ፤ ለጋሹን በዚያ ቀን ከባድ ሥራ አያሠሩት፤ ምሳውንም ያብሉት። ለአምቡላንስ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር 907 አለ፤ ማኅበሩ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎትም ስላለው የጠፉ የሠራተኛ ዘመዶችን ስም ወደዚያ ይላኩ።

ሊጠነቀቋቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። በፒክአፕዎ ላይ የቀይ መስቀል ዓርማ አይሳሉ፤ ዓርማው በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለአግባብ ሲውል እውነተኛው አምቡላንስ አይታመንም። መጋዘንዎ የጥይት ወይም የመሣሪያ ማከማቻ እንዳይሆን በተቻለ መጠን ይከላከሉ፤ ለወታደራዊ ዓላማ የዋለ ሲቪል ግቢ ጥበቃውን ሊያጣ፣ ሠራተኛዎም ዒላማ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ባነር ነው። የድርጅቱን ስም የያዘ ጨርቅ ከፊት ዘርግቶ፣ ዱቄት የሚቀበሉ እናቶችን አሰልፎ ፎቶ ማንሣት ይቅርብዎ። ሰዎቹ ትናንት እንደ እርስዎ ቤት ነበራቸው።

የሚገዙትንም ከሰፈሩ ይግዙ። ለተፈናቃይ ምግብ የሚሆን ሽሮና በርበሬ ከአዲስ አበባ ከመጫን፣ ገበያዋ ከጠፋባት ባልትና አዘጋጅ መግዛት ሁለት ቤት ይደግፋል። የሰጡትን ሁሉ በሕጋዊ ደረሰኝ ያስመዝግቡ፤ ሒሳብ ሠራተኛዎ ለግብር ትፈልገዋለች።

8. ሲመለሱ መጀመሪያ ሰው ይቁጠሩ

ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ተይዘው በኅዳር ማብቂያ ሲለቀቁ፣ ባለንብረቶች በመጀመሪያ የሮጡት ወደ መጋዘናቸው ነበር። ሰብአዊ ነው፤ ግን ሁለት አደጋ አለው። የመጀመሪያው ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ነው። በባለሙያ ሳይፈተሽ ጽዳት ሠራተኛ ወደ ግቢ አያስገቡ። የተገኘውን ነገር ማንም አይንካ፤ ዙሪያውን በገመድ ወይም በድንጋይ ያጥሩ፤ ለመከላከያ ወይም ለፖሊስ ያሳውቁ። ልጆች ብረት ለቅመው ለመሸጥ ወደተሰበረ ግቢ ስለሚገቡ አጥሩን ከማሽኑ በፊት ይጠግኑ።

ሁለተኛው አደጋ ሰውን መርሳት ነው። የደረጃ 1ን ዝርዝር ይዘው ቤት ለቤት ይጠይቁ። ማን አለ፣ ማን ሄደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ቆሰለ። የሞተ ካለ የሥራ ስንብት ክፍያው ለጥገኞቹ እንደሚከፈል ይንገሯቸው፤ ወረቀቱንም እርስዎ ያዘጋጁላቸው። የተደፈረች ሠራተኛ ካለች ታሪኳን ማንም ሊጠይቃት አይገባም። ሕክምናና የምክር አገልግሎት ያለበትን ሆስፒታል የምትነግራት አንዲት የታመነች ሴት ትመደብ፤ ፈቃዷ በ«ሕመም» ይመዝገብ፤ ዝርዝር አይጻፍ።

«የቆየ» እና «የሸሸ» የሚል ክፍፍል እንዳይነሣ በመጀመሪያው ስብሰባ ይናገሩ። የሸሸው ፈሪ አይደለም፤ የቆየውም ከማንም ጋር ተባብሯል ማለት አይደለም። ያለ ማስረጃ በጥቆማ ብቻ ማንንም አያግዱ።

ስለ ኢንሹራንስ በአጭሩ። የተለመደው የእሳትና የስርቆት ውል የጦርነትና የእርስ በርስ ግጭት ጉዳትን አይሸፍንም። ለፖለቲካዊ ሁከትና ለሽብር ጉዳት የሚሆን ሽፋን ለብቻው ይገዛል፤ የሚሸጠውም አደጋው ከመድረሱ በፊት ነው። ውልዎን ዛሬ አውጥተው ከሽፋኑ ውጭ የተባሉትን ነገሮች ያንብቡ።

ጊዜዎ ጠባብ ከሆነና ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ በዚህ ሳምንት መሥራት የሚችሉ ከሆነ፣ የደመወዝ ውክልና ቅጹን አትመው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ያስሞሉት። አንድ ገጽ ወረቀትና ግማሽ ቀን ነው የሚጠይቀው።